ፊክስቸር ሲወጣ፦ የቡድናችሁን የውድድር ዓመት ገና በሰኔ የመገምገሚያ መንገድ

ሰኔ ላይ የፕሪሚየር ሊጉ ፕሮግራም በወጣ ቁጥር ሰፈራችን ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ "አለቀልን" ይላል። ግማሹ "ዘንድሮ የኛ ነው" ይላል። ሁለቱም ወገን ያየው የመጀመሪያዎቹን አምስት ስድስት ጨዋታዎች ብቻ ነው። የቀሩትን 32 ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም።

እኔ የአርሰናል ደጋፊ ነኝ። ላለፉት ጥቂት ዓመታት ፕሮግራሙ ሲወጣ ባለ 50 ሉክ ደብተር ላይ በእጄ እገለብጠዋለሁ። ስልክ ላይ ማየት ይቻላል፤ ግን በእጅ ሲጻፍ ዓይን የሚዘለው ነገር ይቀንሳል። ከዚህ ሥራ የተማርኩትን ከነምሳሌው ላካፍላችሁ። ምሳሌዎቼ ከአርሰናል ናቸው። የዩናይትድ፣ የሊቨርፑል ወይም የቼልሲ ደጋፊ ከሆናችሁ ስሙን ቀይሩት፤ አሠራሩ አንድ ነው። ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ከሁሉ በፊት ዋናውን ነገር ልናገር። ጨዋታ በስሙ ብቻ ከባድ ወይም ቀላል አይሆንም። ከፊቱና ከኋላው ያለው ጨዋታ ነው የሚያከብደው ወይም የሚያቀለው። እኔ "ጎረቤቱን እዩ" እላለሁ። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ወደዚህ ይመለሳል።

1. መጀመሪያ ዝርዝሩ ምን እንደሆነ እወቁ

ሊጉ 20 ቡድን አለው። እያንዳንዱ 38 ጨዋታ ያደርጋል፤ 19 በሜዳው፣ 19 ከሜዳው ውጪ። በአጠቃላይ 380 ጨዋታ ነው። ፕሮግራሙን የሚያወጣው ኮምፒውተር ነው፤ ግን ዝም ብሎ ዕጣ አይጥልም፣ ሕጎች አሉት። ከየትኛውም አምስት ተከታታይ ጨዋታ ሦስቱ በሜዳ ከሆኑ ሁለቱ ከሜዳ ውጪ ይሆናሉ፤ ወይም በተቃራኒው። የአንድ ከተማ ሁለት ቡድኖች፣ ለምሳሌ ሊቨርፑልና ኤቨርተን፣ በተቻለ መጠን በአንድ ቀን ሁለቱም በሜዳቸው እንዳይጫወቱ ይደረጋል። የፖሊስና የትራንስፖርት ጉዳይ አለበት።

ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ለአንድ ነገር ነው። "ሆን ብለው ነው እንዲህ ያደረጉብን" የሚለው ወሬ ጊዜያችሁን እንዳይበላው። ሜዳና ከሜዳ ውጪ ለሁሉም ተመጣጥኖ ይከፋፈላል። የማይመጣጠነው የተጋጣሚዎቹ ቅደም ተከተል ነው። እኛም የምንገመግመው እሱን ነው።

ሌላው፣ ሰኔ ላይ የሚወጣው ቀንና ሰዓት የመጨረሻ አይደለም። አብዛኛው ጨዋታ መጀመሪያ ላይ ቅዳሜ ተብሎ ይጻፋል። በኋላ የእንግሊዝ ቴሌቪዥኖች የሚፈልጉትን ሲመርጡ ወደ ዓርብ፣ እሑድ ወይም ሰኞ ይዛወራል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን በስክሪብቶ ጻፉ። ቀኑን ግን በእርሳስ።

2. ባዶ ቦታዎቹን ሙሉ

ብዙ ደጋፊ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ሰኔ ላይ የሚወጣው የሊጉ ፕሮግራም ብቻ ነው። ቡድናችሁ ግን በሊጉ ብቻ አይጫወትም።

በደብተሩ በእያንዳንዱ ሁለት የሊግ ጨዋታ መካከል ሁለት መስመር ክፍት ተዉ። እዚያ የሚገቡት እነዚህ ናቸው። የቻምፒየንስ ሊጉ የመጀመሪያ ዙር ከ2024/25 ጀምሮ 8 ጨዋታ ሆኗል፤ ከሴፕቴምበር እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ይዘልቃል። የካራባኦ ካፕ (የእንግሊዝ ሊግ ዋንጫ) አውሮፓ ውስጥ ለሚጫወቱ ቡድኖች በሴፕቴምበር ከሦስተኛው ዙር ይጀምራል። ኤፍኤ ካፕ ጃንዋሪ ላይ ይገባል። የብሔራዊ ቡድኖች ዕረፍትም አለ። የመጀመሪያው ብዙውን ጊዜ ከእንቁጣጣሽ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ነበር የሚጀምረው። ከ2026 ጀምሮ ግን የሴፕቴምበሩና የኦክቶበሩ ተጣምረው አንድ ረዥም ዕረፍት እንዲሆኑ ተወስኗል።

ልዩነቱን በአንድ ወር ላሳያችሁ። የ2025/26 ፕሮግራም ጁን 18 ቀን 2025 ሲወጣ፣ አርሰናል ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ዲሴምበር 30 ሰባት ጨዋታ ነበረው። ቼልሲ፣ ብሬንትፎርድ፣ አስቶን ቪላ፣ ዎልቭስ፣ ኤቨርተን፣ ብራይተን፣ እንደገና ቪላ። ሰባት ጨዋታ በአንድ ወር ገደማ፤ ይቻላል ያስብላል። ወሩ ሲደርስ ግን ዲሴምበር 10 ከክለብ ብሩዥ ጋር ቻምፒየንስ ሊግ ገባ። ዲሴምበር 23 ደግሞ ከክሪስታል ፓላስ ጋር የካራባኦ ሩብ ፍጻሜ ገባ፤ እሱም በፍጹም ቅጣት ምት ነው ያለቀው። ሰባቱ ዘጠኝ ሆነ።

ስለዚህ ዲሴምበርን ስትገለብጡ ከሌላው ወር በላይ ክፍት ቦታ ተዉለት።

3. ተጋጣሚዎቹን በሦስት ክፈሉ፤ ስማቸውን ግን አትመኑ

19 ተጋጣሚ አላችሁ። በሦስት ክፈሏቸው። ባለፈው ዓመት ከላይ የጨረሱት አምስቱ፣ መሃል ያሉት ስምንቱ፣ ከታች ያሉት ስድስቱ (አዲስ ያደጉት ሦስቱ እዚህ ይገባሉ)። የምትከፋፍሉት በነጥብ ሰንጠረዡ ነው እንጂ በልጅነታችሁ በምታውቁት ዝና አይደለም።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። በ2025/26 አርሰናል የከፈተው ኦልድ ትራፎርድ ላይ ነው። ፕሮግራሙ በወጣ ዕለት ጓደኞቼ ሁሉ "መጀመሪያውኑ ከዩናይትድ ጋር!" ብለው አዘኑ። ዩናይትድ ግን ያለፈውን ዓመት 15ኛ ሆኖ በ42 ነጥብ ነበር የጨረሰው። ቶተንሃም ደግሞ 17ኛ ነበር። ስሙ ትልቅ ነው፤ ሜዳው ያስፈራል፤ ደርቢው ደርቢ ነው። ቢሆንም ዩናይትድን ከሊቨርፑል እኩል ከላይኞቹ መመደብ ትክክል አልነበረም። እኔ መሃል ላይ አስቀመጥኩት፤ የክረምቱን ግዢ ባላይ ኖሮ ከዚያም አወርደው ነበር።

አሁን ለእያንዳንዱ ጨዋታ የሚጠበቅ ነጥብ ስጡ። እኔ ለዋንጫ ለሚፎካከር ቡድን የምጠቀምበት ይህ ነው፦

- ከላይኞቹ አምስት ጋር፦ በሜዳ 2፣ ከሜዳ ውጪ 1
- ከመሃለኞቹ ስምንት ጋር፦ በሜዳ 2.5፣ ከሜዳ ውጪ 1.5
- ከታችኞቹ ስድስት ጋር፦ በሜዳ 3፣ ከሜዳ ውጪ 2

ግማሽ ነጥብ የሚባል በሊግ እንደሌለ አውቃለሁ። "አንዳንዴ እናሸንፋለን፣ አንዳንዴ አቻ እንወጣለን" የሚለውን በቁጥር ማስቀመጫ ነው። ደምሩት፦ በሜዳ 48፣ ከሜዳ ውጪ 29። በድምሩ 77 ይመጣል። በ2024/25 አርሰናል በ74 ነጥብ ሁለተኛ ሲወጣ ሊቨርፑል በ84 ዋንጫውን ወሰደ። ስለዚህ 77 ጥሩ ዓመት ነው፤ ዋንጫ ለማንሳት ግን ከዚህ በላይ ሰባት ስምንት ነጥብ ከየት እንደሚመጣ ማሳየት አለባችሁ። ቡድናችሁ በሊጉ ለመቆየት የሚታገል ከሆነ ሚዛኑን ዝቅ አድርጉት።

በዚህ ሚዛን የአርሰናልን የ2025/26 የመጀመሪያ ስድስት ጨዋታዎች እንያቸው። ዩናይትድ ከሜዳ ውጪ 1.5። ሊድስ በሜዳ 3። ሊቨርፑል ከሜዳ ውጪ 1። ኖቲንግሃም ፎረስት በሜዳ 2.5። ሲቲ በሜዳ 2። ኒውካስል ከሜዳ ውጪ 1። ድምሩ 11 ነጥብ ከ18። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

4. ካለፈው ዓመት ጋር አንድ ለአንድ አስተያዩ

ከሁሉ በላይ የምወደው ይህን ነው። ብዙ ሰው "ባለፈው ዓመት በስድስተኛው ሳምንት ስንት ነጥብ ነበረን?" ብሎ ያወዳድራል። ይህ አያስኬድም፤ ተጋጣሚዎቹ ሌሎች ናቸውና። ማወዳደር ያለባችሁ ያንኑ ጨዋታ ከያንኑ ጨዋታ ጋር ነው። ኒውካስል ሴንት ጄምስ ፓርክ ላይ ከኒውካስል ሴንት ጄምስ ፓርክ ላይ።

አዲስ ያደጉትን ቡድኖች ምን እናድርጋቸው? በወረዱት ተኩ። ከታችኛው ሊግ አንደኛ ሆኖ ያደገው 18ኛ ሆኖ በወረደው ቦታ ይገባል፤ ሁለተኛው በ19ኛው፤ በጥሎ ማለፍ ያደገው በ20ኛው። በ2025/26 ሊድስ በሌስተር፣ በርንሌይ በኢፕስዊች፣ ሰንደርላንድ በሳውዝሃምፕተን ቦታ ገቡ ማለት ነው።

ያንኑ ስድስት ጨዋታ እንይ። በ2024/25 አርሰናል ኦልድ ትራፎርድ ላይ 1 ለ 1 ወጣ። ሌስተርን በሜዳው 4 ለ 2 አሸነፈ። አንፊልድ ላይ 2 ለ 2። ፎረስትን 3 ለ 0። ሲቲን 5 ለ 1። ኒውካስል ላይ 1 ለ 0 ተሸነፈ። ነጥቡን ደምሩት፦ 1፣ 3፣ 1፣ 3፣ 3፣ 0። አሥራ አንድ።

በግምት ሚዛኔም 11፣ በእውነተኛው ውጤትም 11። ሁለቱ ሲገጥሙ ግምቴን ማመን ጀመርኩ። "ይህ አከፋፈት ሊገድለን ነው" የሚለው ጫጫታም ረገበልኝ። ባለፈው ዓመትም በእነዚሁ ጨዋታዎች 11 ነበር ያገኘነው፤ ልዩነቱ ተበታትነው መምጣታቸው ነበር። ስለዚህ ከስድስቱ 11 ካገኘን ምንም አልጎደለብንም። ከ11 በላይ ከሆነ እየገሰገስን ነው።

5. ጎረቤቱን እዩ

እዚህ ጋ ቆም እንበል። ልቤን የሰበሩት ጨዋታዎች ሁሉ ያሉት እዚህ ነው።

የ2022/23ን ኤፕሪል አስታውሱ። አርሰናል ሊጉን እየመራ ነው። ኤፕሪል 9 አንፊልድ ላይ 2 ለ 0 መርቶ 2 ለ 2 ወጣ። ኤፕሪል 16፣ የኛ ፋሲካ ዕለት፣ ዌስትሃም ጋር እንደገና 2 ለ 0 መርቶ 2 ለ 2 ወጣ። ዶሮው አልወረደልኝም። በዚያው ሳምንት ዓርብ ማታ 4 ሰዓት ላይ የሊጉ መጨረሻ ከሆነው ሳውዝሃምፕተን ጋር በሜዳችን ነበርን። ሰኔ ላይ ያንን ጨዋታ ያየ ሰው ሁሉ "ሦስት ነጥብ" ብሎ አልፎታል። እኔም እንደዚያው። ገና ደቂቃ ሳይሞላ ገባብን። 3 ለ 1 ተመራን። ኦዴጋርድና ሳካ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች አግብተው 3 ለ 3 አለቀ። ከአምስት ቀን በኋላ ሲቲ 4 ለ 1 አሸነፈን።

ሳውዝሃምፕተን በዓመቱ መጨረሻ ወረደ። በስሙ ቀላል ነበር። ጎረቤቶቹን ግን ተመልከቱ። ከኋላው ሁለት የሚያበሳጩ አቻዎች፣ ከፊቱ የዓመቱ ትልቁ ጨዋታ። ተጫዋቹ እግሩ ሳውዝሃምፕተን ጋር፣ ልቡ ሲቲ ጋር ነበር። ይህን ማረጋገጥ አልችልም፤ ግን ያንን ማታ በዓይኔ ሳይ እንዲህ ነው የተሰማኝ፣ አሁንም እንዲህ ነው የማምነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ኤፕሪል 14 ቀን 2024 ነው። አርሰናል ኤፕሪል 9 ከባየርን ሙኒክ ጋር በሜዳው 2 ለ 2 ወጥቷል። ኤፕሪል 17 ሙኒክ ላይ የመልስ ጨዋታ አለው። መሃል ላይ እሑድ ቪላ መጣ፣ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሁለት አግብቶ 2 ለ 0 ሄደ። ዓመቱ ሲያልቅ ሲቲ 91፣ እኛ 89። ሁለት ነጥብ።

"ደክመው ነው" ይባላል። ቀኑን ስቆጥር ግን ሌላ ነገር አገኘሁ። አርሰናል ከማክሰኞ እስከ እሑድ ነበረው። ቪላ ግን ሐሙስ ዕለት ከሊል ጋር የኮንፈረንስ ሊግ ጨዋታ አድርጎ ነው የመጣው። ዕረፍት ቢቆጠር የተሻልነው እኛ ነበርን። ስለዚህ ጉዳዩ ድካም ብቻ አይደለም። በሁለት ትልልቅ ጨዋታዎች መሃል የተቀመጠ ጨዋታ በራሱ ከባድ ነው። አሰልጣኙ ማንን ላሳርፍ ይላል፤ ተጫዋቹ ማክሰኞን ወይም ረቡዕን ያስባል፤ ደጋፊው ራሱ ስለ ባየርን ነው የሚያወራው።

በደብተሩ ላይ እንዲህ አድርጉ፦

ለእያንዳንዱ የሊግ ጨዋታ ከፊቱና ከኋላው ያለውን ጨዋታ ተመልከቱ፤ የሊግም ይሁን የአውሮፓ። ሁለቱም ትልልቅ ከሆኑ በቀይ ስክሪብቶ ክበቡት፣ ግማሽ ነጥብ ቀንሱለት። ከፊቱ ብቻ ትልቅ ካለ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ከሩቅ የአውሮፓ ጉዞ በኋላ ሦስት ቀን ብቻ ያለው ከሜዳ ውጪ ጨዋታም በቀይ ይከበባል።

ቀጥሎ የተጋጣሚውንም ጎረቤት እዩ። ይህን የሚያደርግ ደጋፊ ጥቂት ነው። እናንተ ከአውሮፓ ስትመለሱ እሱም ከአውሮፓ እየተመለሰ ከሆነ ጫናው ይጣፋል። እሱ ሙሉ ሳምንት አርፎ ከጠበቃችሁ ግን የ12ኛ ደረጃው ቡድን የ6ኛን ያህል ይከብዳል።

የአውሮፓ ዕጣ የሚወጣው ኦገስት መጨረሻ ላይ ስለሆነ ይህን ደረጃ በሰኔ መጨረስ አትችሉም። ሰኔ ላይ የአውሮፓ ሳምንቶቹን ብቻ አመልክቱ። ተጋጣሚዎቹን ዕጣው ሲወጣ ትሞላላችሁ።

6. ማን አርፎ፣ ማን ሳያርፍ ይጀምራል?

በውድድሩ መጀመሪያ ላይ የክረምቱ ውድድር ይታያል። በ2025 ቼልሲ የክለቦች ዓለም ዋንጫን ጁላይ 13 ፒኤስጂን 3 ለ 0 አሸንፎ ወሰደ። ልክ ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ኦገስት 17፣ ሊጉን በሜዳው ከፓላስ ጋር 0 ለ 0 ጀመረ። በአንድ ጨዋታ ሁሉንም ማለት አይቻልም። ግን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ከእንዲህ ያለ ቡድን ጋር ከተመደባችሁ መልካም ዜና ነው። የዓለም ዋንጫ ወይም የአውሮፓ ዋንጫ ባለበት ክረምት የራሳችሁን ተጫዋቾች ቁጠሩ፦ እስከ ግማሽ ፍጻሜ የሄዱት ስንት ናቸው?

የአፍሪካ ዋንጫም አለ። የሞሮኮው ውድድር ከዲሴምበር 21 ቀን 2025 እስከ ጃንዋሪ 18 ቀን 2026 ነበር። ሊቨርፑል ሳላህን፣ ዩናይትድ ምቤሞን፣ አማድንና ማዝራዊን የለቀቁት ጨዋታ በሚበዛበት ወር ነው። እንዲህ ባለ ዓመት በዚያ ወር የምትገጥሟቸውን ቡድኖች ለይታችሁ አረንጓዴ ነጥብ አድርጉባቸው። እግረ መንገዳችሁን የራሳችሁንም ቡድን እዩ።

7. በብሎክ ቁረጡት

38 ጨዋታን አንድ ላይ ማየት ያደክማል። በብሔራዊ ቡድኖች ዕረፍት ቁረጡት። ከመክፈቻው እስከ መጀመሪያው ዕረፍት አንድ ብሎክ፤ ከዚያ እስከ ቀጣዩ ሌላ፤ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ለእያንዳንዱ ብሎክ የሚጠበቀውን ነጥብ ደምራችሁ ዳር ላይ ጻፉ። አጭር ብሎክ ካገኛችሁ፣ ለምሳሌ የ2025/26 መክፈቻ ሦስት ጨዋታ ብቻ ነበር፣ ከሚቀጥለው ጋር አጣምሩት።

የመጨረሻዎቹን ስድስት ጨዋታዎች በእርሳስ ብቻ ጻፏቸው። በሜይ ወር የምትገጥሙት ቡድን ላለመውረድ እየሞተ ይሁን ወይስ ምንም የማይፈልግ ይሁን ሰኔ ላይ ማንም አያውቅም። 10ኛ የሆነ ቡድን በሜይ በጣም ቀላል ሊሆን ይችላል፤ 18ኛ የሆነ ቡድን በጣም ከባድ። ስለ መጨረሻው ቀን ጨዋታ በሰኔ የሚደረግ ክርክር ትርፉ ድካም ነው።

ፋንታሲ (ከሊጉ ተጫዋቾች የራስን ቡድን መርጦ ነጥብ የሚሰበሰብበትን ጨዋታ) የምትጫወቱ በፋንታሲው ላይ ያለውን ከ1 እስከ 5 የሚሄድ የከባድነት ቀለም ታውቁታላችሁ። ለመነሻ ይጠቅማል። እሱ ግን ለእያንዳንዱ ጨዋታ ብቻውን የሚሰጥ ቀለም ነው። ጎረቤቱን አያሳይም።

8. በእኛ ሰዓት ቀይሩት

የሰፈራችን ዲኤስቲቪ ቤት በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ አለ። ባለቤቱ ጠዋት ጠዋት በጠመኔ ይጽፍበታል። "11፡00 አርሰናል። 1፡30 ሊቨርፑል።" ያ ሰሌዳ ዓመቱን ሙሉ አይመሳሰልም። እኛ ሰዓት አንቀይርም፤ እንግሊዞች ግን ይቀይራሉ። በኦክቶበር የመጨረሻው እሑድ ሰዓታቸውን አንድ ወደኋላ ይመልሳሉ፤ በማርች የመጨረሻው እሑድ ወደፊት ያደርጉታል። በመጀመሪያው ዓመት ይህን ሳላውቅ ቤቱ ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ፤ ሙሉ ሰዓት ብቻዬን ተቀመጥኩ።

የአዲስ አበባው እንዲህ ነው፦

- የቅዳሜ ቀትር ጨዋታ፦ በበጋቸው ከቀኑ 8፡30፣ በክረምታቸው 9፡30
- የቅዳሜ መደበኛው፦ 11፡00፣ ከዚያ 12፡00
- የቅዳሜ ምሽቱ፦ 1፡30፣ ከዚያ 2፡30
- የእሑድ የመጀመሪያው፦ 10፡00፣ ከዚያ 11፡00
- የእሑድ ትልቁ ጨዋታ፦ 12፡30፣ ከዚያ 1፡30
- የሰኞና የዓርብ ማታ፦ 4፡00፣ ከዚያ 5፡00

የሰኞ ማታ 5 ሰዓት የሚጀምር ጨዋታ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ያልቃል። ታክሲ የለም። በማግስቱ ሥራ አለ። ስለዚህ እነዚህን ቀድማችሁ አመልክቱ፤ ጓደኛ ቤት ማደር ካለባችሁ ከወዲሁ ተነጋገሩ።

ሳዑዲ ያላችሁ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ናችሁ፤ ዱባይ አንድ ሰዓት ትቀድማለች። እስራኤል ከእንግሊዝ ጋር አብራ ስለምትቀይር ከጥቂት ቀናት በስተቀር ዓመቱን ሙሉ የሁለት ሰዓት ልዩነት ነው። ዋሽንግተን ያላችሁ መደበኛውን የቅዳሜ ጨዋታ ጠዋት በፈረንጅ 10 ሰዓት ታያላችሁ። አሜሪካና እንግሊዝ ሰዓት የሚቀይሩበት ቀን ስለማይገጥም ግን በኦክቶበር መጨረሻና በማርች ለጥቂት ቀናት 11 ሰዓት ይሆናል። የሚያመልጠው ጨዋታ ብዙውን ጊዜ ያን ሰሞን ነው።

9. የኛን ሊግ ለምትከታተሉ

የቡናም የጊዮርጊስም ደጋፊ እንዲህ ዓይነት ደብተር ሊይዝ ይችላል፤ አንድ ነገር ግን ይቀየራል። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ከ2020/21 ወዲህ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ሲጀምር ጨዋታዎቹ በተመረጡ ከተሞች እየተሰበሰቡ መካሄድ ጀመሩ፤ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። እንዲህ ሲሆን "በሜዳ" እና "ከሜዳ ውጪ" የሚለው ሚዛን ይላላል። በምትኩ ከተማውን ጻፉ። የድሬዳዋ ሙቀት የለመደውና ያልለመደው ቡድን አንድ አይደለም። የአስተናጋጁ ከተማ ቡድን የራሱ ደጋፊ ፊት ነው የሚጫወተው። እያንዳንዱ ቡድን ወደ አዲስ ከተማ ከተዛወረ በኋላ የሚያደርጋቸውን የመጀመሪያ ሁለት ጨዋታዎች ለብቻ ምልክት አድርጉባቸው።

10. በየዕረፍቱ ደብተሩን ክፈቱ

ግምት ጽፎ መርሳት ጥቅም የለውም። በየብሔራዊ ቡድን ዕረፍቱ ተመለሱበት። ከእያንዳንዱ ጨዋታ ፊት ሦስት ቁጥር ጻፉ፦ የጠበቃችሁት፣ በአንድ ለአንዱ ያለፈው ዓመት ያገኛችሁት፣ አሁን ያገኛችሁት። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለውን ልዩነት እየደመራችሁ ሂዱ። እኔ ሌላ ነገር ባልሠራ እንኳን ይህን አልተውም።

በ2025/26 የሆነው ይህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት፦ ዩናይትድን 1 ለ 0፣ ሊድስን 5 ለ 0 አሸነፍን፣ በሊቨርፑል 1 ለ 0 ተሸነፍን፣ ፎረስትን 3 ለ 0፣ ከሲቲ 1 ለ 1፣ ኒውካስልን 2 ለ 1። 11 ጠብቀን 13 አገኘን። አንፊልድ ላይ ስንሸነፍ ሰፈሩ ለቅሶ ቤት መስሎ ነበር። በደብተሩ ላይ ግን የጎደለችው አንድ ነጥብ ናት።

ከዚያ ዌስትሃም በሜዳ መጣ። በ2024/25 ተሸንፈንበት ነበር፤ አሁን 2 ለ 0 አሸነፍን፣ ሲደመር 3። ፉልሃም ከሜዳ ውጪ፣ ያኔ 1 ለ 1፣ አሁን 1 ለ 0፣ ሲደመር 2። ፓላስ በሜዳ፣ ያኔ 2 ለ 2፣ አሁን 1 ለ 0፣ ሲደመር 2። በርንሌይ በኢፕስዊች ቦታ፣ ሁለቱንም አሸንፈናል፣ ዜሮ።

ኖቬምበር 8 ሰንደርላንድ ሄድን። ማክሰኞ ፕራግ ላይ ከስላቪያ ጋር ተጫውተን የተመለስንበት ሳምንት ነው። ጎረቤቱን ስላየሁ ዕጣው ከወጣ ጀምሮ በቀይ ከብቤው ነበር። 2 ለ 1 እየመራን በጭማሪ ሰዓት አገባብን፤ 2 ለ 2። በሳውዝሃምፕተን ቦታ ያለ ጨዋታ ነው፤ ያኔ አሸንፈናል፤ ሲቀነስ 2። ከዲኤስቲቪ ቤት ስንወጣ ማንም አላወራም። አንዱ ጓደኛዬ "ይኸው ጀመረን" ብሎ ነጠላ ጫማውን እየጎተተ ሄደ።

ማግስቱን ዕረፍት ስለነበር ደብተሩን ይዤ ቤቱ ሄድኩ። 11 ጨዋታ፣ 26 ነጥብ። በዚያኑ ጨዋታዎች በ2024/25 ያገኘነው 19። ልዩነቱ ሲደመር 7። ያን ዓመት 74 ላይ እንደቆምን ያውቃል። 74 እና 7ን ራሱ በጣቱ ገጹ ላይ ደመረ፣ ከዚያ ገጹን ገልብጦ ቀጣዩ ብሎክ ላይ ቀይ የተከበቡት ስንት እንደሆኑ መቁጠር ጀመረ።